ከባጁ በፊት ቋጠሮውን እዩ፦ የስካውት ፕሮግራም ስትመርጡ ምን ከምን ይወዳደራል?

ዝናብ ሊጥል አንጃብቧል። ሁለት ልጆች አንድ ድንኳን እየተከሉ ነው። አንደኛው 13 ዓመቱ ነው፤ እጅጌው ላይ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ባጅ፣ ማለትም ለቻለው ሙያ የሚሰጥ የጨርቅ ምልክት፣ ተሰፍቶበታል፤ ከባጆቹ አንዱ የካምፕ ነው። ሌላዋ 11 ዓመቷ ነው፤ ያላት ሁለት ባጅ ብቻ ነው። ገመዱ ርሷል፣ ነፋሱ ሸራውን ያራግበዋል። ልጁ ገመዱን ካስማው ላይ ይጠመጥማል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይጠመጥማል። መጨረሻ ላይ እንደ ጫማ ክር አስሮ ተወው። ልጅቷ ምንም ሳትናገር ጎንበስ አለች። ገመዱን በካስማው ዞር አድርጋ መለሰችው፣ ሁለቴ ወደ ውስጥ ጠመጠመች፣ አንዴ ከላይ፣ ከዚያ ሳበችው። ቋጠሮው ገመዱ ላይ ሽቅብ ተንሸራተተና ጠበቀ። ድንኳኑ ቀጥ አለ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ይሄ ተፈርሞልኛል» አለኝ ልጁ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

እውነቱን ነው፣ ይህን ቋጠሮ ችሏል ተብሎ ተፈርሞለታል። ከስምንት ወር በፊት፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ወንበር እግር ላይ፣ አንድ ጊዜ አስሮ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ማንም እንደገና ጠይቆት አያውቅም። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ፕሮግራሙ ነው እንደዚያ የተሠራው።

ለዓመታት በበጎ ፈቃድ ከልጆች ጋር ካምፕ ስወጣ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ልጄን የትኛው ውስጥ ላስገባው?» የሚል ነው። ብዙዎቹ የሚያወዳድሩት የባጁን ብዛት፣ የዩኒፎርሙን ውበት ወይም የመጨረሻውን ሽልማት ስም ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር እዩ እላለሁ። አንድ ልጅ «ይህን ችሏል» የሚባለው መቼ ነው? የሚለውስ ማነው? ከተባለ በኋላስ ዳግም ይጠየቃል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዛችሁ ብትሄዱ ፕሮግራሞቹ እንዴት እንደሚለያዩ ቶሎ ይገባችኋል። ከታች ትልልቆቹን አራት ዓይነቶች በዚህ ዓይን አወዳድራቸዋለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ እንዴት ነበር

በ1907 ሮበርት ባደን ፓወል የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን 20 ያህል ወንዶች ልጆችን ብራውንሲ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ወስዶ ካምፕ አሳደራቸው። ከሀብታም ትምህርት ቤት የመጡም፣ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆችም ነበሩበት። ፓትሮል በሚባሉ አራት ትንንሽ ቡድኖች ከፈላቸው፣ ለየፓትሮሉም ከልጆቹ መሀል አለቃ ሰጠው። በዓመቱ ንቅናቄው ተስፋፋ፣ ፈተናዎቹም ሦስት ደረጃ ያዙ፦ ጀማሪ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ አንደኛ ደረጃ።

ከነዚያ የጥንት ፈተናዎች ሁለቱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ለኔ የሁሉም መለኪያ እነሱ ናቸው። አንደኛ ደረጃ ለማግኘት ልጁ ብቻውን ወይም ከአንድ ጓደኛው ጋር 7 ማይል፣ ማለትም 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሄዶ መመለስና ያየውን በጽሑፍ ማቅረብ ነበረበት። ሁለተኛው ደግሞ ራሱ ያሠለጠነውን አንድ ጀማሪ ይዞ መምጣት ነበር። ልብ በሉ፣ ማወቁ ብቻ አይበቃም። ሌላ ልጅ አስተምሮ፣ ያ ልጅ ችሎ መታየት አለበት። ዛሬ ያሉትን ፕሮግራሞች ሳይ ሁልጊዜ የምፈልገው የዚህን ነገር ርዝራዥ ነው።

አንድ ረጅም መሰላል

የመጀመሪያው ዓይነት የአሜሪካው ነው። ድርጅቱ ከ2025 ጀምሮ ስካውቲንግ አሜሪካ ተብሏል። መሰላሉ አንድ ነው፣ እርከኖቹም ሰባት፦ ስካውት፣ ጀማሪ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ አንደኛ ደረጃ፣ ስታር፣ ላይፍ፣ ከዚያ ጫፉ ላይ ኢግል፣ ንስር ማለት ነው። እስከ አንደኛ ደረጃ ድረስ ያለው በአብዛኛው የደጅ ሙያ ነው፦ ድንኳን፣ ምግብ ማብሰል፣ ቋጠሮ፣ ካርታና ኮምፓስ፣ ዋና፣ የመጀመሪያ እርዳታ። ከዚያ በላይ በየሙያው የሚሰጡ ሜሪት ባጆች ይመጣሉ። ከ130 በላይ ዓይነት አሉ፣ ለኢግል 21 ያስፈልጋሉ፣ ከነሱም አብዛኞቹ የግድ የሚባሉ ናቸው። ሁሉም 18 ዓመት ሳይሞላ ማለቅ አለበት። ከደረጃ ወደ ደረጃ ለመሸጋገር ቢያንስ መቆየት ያለበት ጊዜም አለ፤ ከአንደኛ ደረጃ ወደ ስታር 4 ወር፣ ከስታር ወደ ላይፍ 6 ወር፣ ከላይፍ ወደ ኢግል ሌላ 6 ወር። በኢግል ላይ ደግሞ ልጁ ራሱ አቅዶ ሰዎችን አስተባብሮ የሚሠራው የማኅበረሰብ ሥራ አለ።

ጥሩ ጎኑ ግልጽነቱ ነው። ልጁ ዛሬ የት እንዳለ፣ ነገ ምን እንደሚቀረው በደንብ ያውቃል። ግብ ሲያይ የሚነቃ ልጅ እዚህ ይበረታል። የካምፕ ባጁን ብቻ ብታዩ 20 ሌሊት ደጅ ማደር ይጠይቃል፤ ይሄ ቀላል አይደለም። ከ2019 ጀምሮ ሴቶችም ከ11 ዓመት ጀምሮ በዚሁ መሰላል ይወጣሉ።

ደካማው ጎን ያው መጀመሪያ ላይ ያወራሁላችሁ ነው። አንድ መስፈርት አንዴ ከተፈረመ ተዘጋ። ልጁ ደረጃ ከማግኘቱ በፊት አዋቂዎች ተሰብስበው ያነጋግሩታል፣ ግን ያ ስብሰባ እንደገና መፈተኛ እንዳይሆን በመመሪያው ተከልክሏል። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ልጅ በተደጋጋሚ ፈተና መጨነቅ የለበትም። ነገር ግን የሚፈርመው ሰው ቸኩሎ ከፈረመ የሚያርመው ቦታ የለም። በተለይ ብዙ ልጆች አንድ ላይ ተሰብስበው በአንድ ቀን ባጅ የሚጨርሱበት ዝግጅት ላይ ስትደርሱ ተጠንቀቁ። 30 ልጅ በአንድ አሠልጣኝ ፊት አንድ ጊዜ ቋጠሮ ካሰረ፣ ባጁ ይገኛል፣ ቋጠሮው ግን እስከ እራት ሰዓትም አይቆይም።

ስለዚህ ይህን ዓይነት ከመረጣችሁ ፕሮግራሙን ብቻ ሳይሆን ፈራሚውን ምረጡ። ጥሩ ቡድን ውስጥ ፊርማው የሚሰጠው ካምፕ ላይ ነው፣ ያውም ልጁ ሳይነገረው በራሱ ሲያደርገው ታይቶ።

ዘጠኝ ትንንሽ መሰላሎች

ይሄኛው የልቤ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም። አየርላንድ ጀመረችው፣ ካናዳና አውስትራሊያም የየራሳቸውን አዘጋጁ። እዚህ አንድ ረጅም መሰላል የለም። ዘጠኝ የደጅ ሙያዎች አሉ፣ እያንዳንዱ ዘጠኝ እርከን አለው። በጠቅላላው 81 እርከን መሆኑ ነው። ካናዳ ውስጥ ካምፕ፣ የእግር መንገድ፣ የስካውት ሙያ፣ ድንገተኛ አደጋ፣ ክረምትና በረዶ፣ ገደል መውጣት፣ የሸራ ጀልባ፣ መቅዘፍና ዋና አሉ። አውስትራሊያ ደግሞ ካምፕን፣ የዱር ሙያንና የእግር ጉዞን መሠረት አድርጋ ሌሎቹን በምርጫ አስቀምጣለች።

ልዩነቱ የት ነው? እርከኑ ከእድሜ ጋር አልታሰረም። የ9 ዓመት ልጅ አባቷ ጀልባ ላይ ያሳደጋት ከሆነች በመቅዘፍ አራተኛ እርከን ላይ፣ በካምፕ ግን አንደኛው ላይ ልትሆን ትችላለች። ሃፍረት የለበትም፣ የሁሉም መሰላል ለየብቻ ነው። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ውሃ የሚፈራ ከሆነ ካርታና ኮምፓስ ላይ ገፍቶ ይሄዳል።

የመስፈርቶቹን አጻጻፍም ወድጄዋለሁ። ብዙዎቹ በልጁ አፍ ነው የተጻፉት፦ «ቦርሳዬን ለአንድ ሌሊት ማዘጋጀት እችላለሁ»፣ «ድንኳን የት እንደሚተከል አውቃለሁ»፣ «ይህን ያህል ሌሊት ደጅ አድሬያለሁ»። እችላለሁ፣ አውቃለሁ፣ አድርጌያለሁ። ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ልጅም ልዩነቱን ቶሎ ይረዳል። አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ወረቀቱን ይዛ «ይሄን አውቃለሁ፣ ግን አልችልም» ስትለኝ በዚያች ደቂቃ ምን ያህል እንዳደገች ገባኝ።

ሌላው ትልቅ ነገር፣ እነዚህ እርከኖች የሚሰጡት ለችሎታ ነው እንጂ ለድካም አይደለም። በሌሎች ባጆች ላይ «ልጁ የአቅሙን ሞክሯል» ተብሎ ይሰጠዋል፣ እሱም ተገቢ ነው። እዚህ ግን ከቻለ ቻለ፣ ካልቻለ ገና ነው። ውሃ ላይና ገደል ላይ በ«ሞክሯል» አይኬድምና።

ማን ያያል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ የምወደው መልስ እዚህ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ በዚያ ሙያ ሁለት እርከን ከፍ ብሎ ያለ ልጅ ታናሹን አይቶ ሊመሰክርለት ይችላል። ያ ጥንታዊው «ያሠለጠንከውን ይዘህ ና» የሚለው ነገር በሌላ መንገድ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ታላቁ ልጅ የራሱን ሙያ ሳይረሳ ለማቆየት ይገደዳል። እዚያ ድንኳን ሥር እንባ ያቀረረውን ልጅ ያዳነው ይሄው አሠራር ነው። ለሚቀጥለው ካምፕ ሦስት አዳዲስ ልጆች ሰጠሁትና «ያንን የድንኳን ቋጠሮ አንተ ነህ የምታስተምራቸው» አልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ገመድ ኪሱ ውስጥ ይዞ ሲዞር፣ አልጋ እግር ላይ ሲያስር ሲፈታ ከረመ ብላ እናቱ ነገረችኝ። ሦስቱንም አስተማራቸው። ዛሬ በጨለማ ያስረዋል።

ችግርም አለው። መዝገብ መያዝ አድካሚ ነው። ዘጠኝ ሙያ በ25 ልጅ ሲባዛ መሪው ወረቀት ውስጥ ይሰጥማል። ላይኛዎቹ እርከኖች ላይ ደግሞ የገደል ወይም የጀልባ ሙያ ያለው አዋቂ ካልተገኘ ልጁ እዚያው ይቆማል። እና አንዳንድ ልጅ የሚወደውን ብቻ እየመረጠ የመጀመሪያ እርዳታን ጨርሶ ሊሸሸው ይችላል። «ድንገተኛ አደጋ የሚለው ሙያ ላይ ልጆቹ ስንተኛው እርከን ላይ ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም አንደኛው ላይ ከሆኑ ቡድኑ ጨዋታውን ብቻ ነው የወደደው።

ሌሊትና መንገድ መቁጠር

የእንግሊዙ ስካውት ማኅበር ብዙ ዓይነት ባጅ አለው፣ በእድሜ የተከፈሉ ሽልማቶችም አሉት፣ በመጨረሻም የንጉሥ ስካውት የሚባለው ሽልማት ይገኛል። እኔ ግን ለዚህ ንጽጽር የምፈልገው ሁለቱን ቀላል ባጆች ነው። አንዱ ከቤት ውጪ ያደርከውን ሌሊት ይቆጥራል፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 10፣ 15፣ 20፣ 35፣ 50 እያለ እስከ 200 ይሄዳል። ሌላው የእግር ጉዞን ይቆጥራል፣ ከ1 እስከ 50። ጉዞ የሚባለውም እንደ እድሜው ነው፤ ከ6 እስከ 8 ላሉት ቢያንስ የሁለት ሰዓት፣ ከ10 ተኩል እስከ 14 ላሉት የአራት ሰዓት መንገድ መሆን አለበት። ልጁ እድሜው ሲጨምር ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል፣ ቁጥሩ ግን አብሮት ይሄዳል፣ ከዜሮ አይጀምርም።

ቀላል ይመስላል፣ ግን ማጭበርበር አይቻልም። 20 ሌሊት ካደርክ አድረሃል። ስንት ቋጠሮ እንደቻለ አይነግራችሁም፣ ነገር ግን 20 ሌሊት ደጅ ያደረ ልጅ ማታ ካልሲውን መቀየር፣ የእጅ ባትሪውን ራስጌው ማስቀመጥ፣ ቦርሳውን ዘግቶ ማደር ማንም ሳይነግረው ይለምዳል። እነዚህ ባጅ የላቸውም፣ ግን ልጁን የሚያተርፉት እነሱ ናቸው።

እዚህ ሥርዓት ውስጥ ወላጅን የሚያሳርፍ ሌላ ነገርም አለ። መሪውም ይፈተናል። አንድ አዋቂ ልጆችን ይዞ ሊያድር የሚችለው ፈቃድ ካለው ብቻ ነው፣ ፈቃዱም በዓይነት ይለያያል፦ ቤት ውስጥ ማደር፣ የተዘጋጀ ካምፕ፣ ምንም ያልተዘጋጀ ሜዳ፣ ቦርሳ ተሸክሞ እየተጓዙ ማደር። የአዳራሽ ፈቃድ ያለው ሰው ልጃችሁን ተራራ ላይ አያሳድርም። የትም አገር፣ የትኛውም ፕሮግራም ውስጥ ብትሆኑ ይህን ጥያቄ ተውሱት፦ መሪው ራሱ በማን ተፈትኖ ነው የተፈቀደለት?

ጉድለቱ መቁጠር ማስተማር አለመሆኑ ነው። ሌሎች ምግቡን አብስለውለት፣ ድንኳኑን ተክለውለት ልጁ 30 ሌሊት ተኝቶ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ስታዩ «በነዚህ ሌሊቶች እራት ያበሰለው ማነው?» ማለት ነው።

ዘግይተው ለሚጀምሩ

ልጄ 15 ሆኗል፣ አልዘገየም ወይ የሚሉኝ አሉ። አልዘገየም፣ ግን ሌላ በር ይሞክር። የኤዲንብራው መስፍን ዓለም አቀፍ ሽልማት በ1956 የተጀመረ ሲሆን ከስካውት ውጪ ነው፣ ብዙ የስካውት ቡድኖች ግን ጎን ለጎን ይሠሩበታል። ከ14 እስከ 24 ዓመት ላሉ ነው። ነሐስ፣ ብርና ወርቅ አለው፤ ለብር 15፣ ለወርቅ 16 ዓመት መሙላት ይጠይቃል። አገልግሎት፣ ሙያ፣ ስፖርትና የጀብዱ ጉዞ የሚሉ ክፍሎች አሉት፣ ወርቅ ላይ ሌላም ይጨመራል። ጉዞው ነሐስ ላይ 2 ቀንና 1 ሌሊት፣ ብር ላይ 3 ቀንና 2 ሌሊት፣ ወርቅ ላይ 4 ቀንና 3 ሌሊት ነው። ቡድኑ ከ4 እስከ 7 ሰው ነው፣ በራስ ጉልበት ነው የሚኬደው፣ ከዋናው ጉዞ በፊት ደግሞ የልምምድ ጉዞ አለ።

ከሦስቱ ጥያቄዎች አንጻር ይሄ በጣም ጥሩ ይመልሳል። ልጆቹ መንገዱን ራሳቸው ያቅዳሉ፣ ይሄዳሉ፣ አዋቂው ከሩቅ ይከታተላል፣ መጨረሻ ላይ ያደረጉትን ተመልሰው ያቀርባሉ። የዚያ የጥንቱ የ7 ማይል መንገድ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ከሌሎቹ የሚያንሰው በሙያ ዝርዝር ነው። እሳት፣ ቋጠሮ፣ መጥረቢያ በየተራ አያስተምርም፤ ለጉዞው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። ስለዚህ በ14 ዓመቱ ምንም ሳያውቅ ለሚጀምር ልጅ ጉዞው ሊከብደው ይችላል፣ ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ካምፕ ቢያይ ይሻላል።

በሙያው ስትመዝኗቸው

ፕሮግራሞቹን ከላይ ከማወዳደር ይልቅ አንድ ሙያ ይዞ መውረድ ይሻላል።

እሳትና ስለት እንውሰድ። አሜሪካኖቹ ልጅ ቢላ ወይም መጥረቢያ ከመያዙ በፊት የፈቃድ ካርድ እንዲያገኝ ያደርጋሉ፣ በብዙ ቡድኖችም ልማድ ልጁ ሲያጠፋ የካርዱ አንድ ጥግ ይቆረጣል፣ አራቱም ካለቁ ካርዱን ይነጠቃል። ለኔ ከሁሉም ባጅ የሚበልጠው ይሄ ካርድ ነው፣ ምክንያቱም ባጅ አይወሰድም፣ ካርዱ ግን ይወሰዳል። ልጁ ሙያው ዛሬም የሱ መሆኑን በየቀኑ ማሳየት አለበት። የትም ብትሄዱ ልጆች ሲጠርቡ እዩ። ቢላ የያዘ ልጅ ከመጀመሩ በፊት እጁን ዘርግቶ ዙሪያውን ይለካል? ሰው ሲጠጋ ያቆማል? ቢላውን ሲያቀብል በእጀታው በኩል ነው? ይሄን ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል። እሳት ላይም እንደዚያው፤ ጥሩ ቡድን ውስጥ ልጁ ክብሪት ከመጫሩ በፊት ጭራሮውን ለይቶ ደርድሯል፣ ውሃ የሞላ ባልዲም አጠገቡ አለ።

ካርታና ኮምፓስ ላይ አብዛኛው ፕሮግራም ይደክማል። ብዙ ቦታ ልጁ ሰሜንን አሳይቶ ይፈረምለታል። ያ የትም አያደርስም። የምፈልገው መንገዱን አስቀድሞ የሚያሰላ ልጅ ነው። ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 ያወጣት አንዲት ቀላል ስሌት አለች፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዝ፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ አንድ ሰዓት ጨምር። 10 ኪሎ ሜትር መንገድ 600 ሜትር ከወጣ 3 ሰዓት ይሆናል። ቦርሳ የተሸከሙ ልጆች ደግሞ ከዚህም ይዘገያሉ፣ እረፍትም አለ። አንድ ጊዜ የ12 ዓመት ልጆች ይህን አስልተው «ከጨለመ በኋላ ነው የምንደርሰው፣ መንገዱን እናሳጥር» ሲሉ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ማንም ባጅ አልሰጣቸውም፣ ግን ካርታ ማንበብ ማለት እሱ ነው። በዚህ ሙያ የጀብዱ ጉዞው ይቀድማል፣ ባለዘጠኙ እርከን ይከተላል።

ውሃ ላይ አጭር ልበል። ልጁ ውሃ ማፍላትን ካወቀ ምን ያህል እንደሚፈላም ይወቅ፦ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሆኑ 3 ደቂቃ። ምክንያቱን ከጠየቃችሁትና «ከፍታ ላይ ውሃው ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ» ካላችሁ ያስተማረው ሰው ጎበዝ ነው። መጸዳጃም እንደዚያው ነው፤ ከውሃ 60 ሜትር ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ፣ ተመልሶ ተደፍኖ። የሚያሳፍር ስለሚመስላቸው ብዙ መሪዎች ይዘሉታል።

የመጀመሪያ እርዳታ ግን ከሁሉም ይለያል፣ ምክንያቱም የሚረሳ ሙያ ነው። ቋጠሮ እጅ ያስታውሰዋል። ደም ማቆምና ልቡ ለቆመ ሰው ደረት መጫን ግን ሳይለማመዱት ከከረሙ ይጠፋል፣ ይህ ልጅም አዋቂም አይለይም። ከሦስት ዓመት በፊት የተገኘ ባጅ ላይ አትደገፉ። እዚህ ላይ ሁሉም ፕሮግራሞች እኩል ናቸው፣ ልዩነቱን የሚያመጣው በየካምፑ «እግሩን ተሰበረ» እያሉ የሚያስለምዱ መሪዎች መኖራቸው ነው።

ለየትኛው ልጅ የትኛው

ልጃችሁ ዝርዝር ሲያይ የሚነሳሳ፣ የጀመረውን ሳይጨርስ የማይተኛ ከሆነ ረጅሙ መሰላል ይመቸዋል። ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ ሩጫው የናንተ እንዳይሆን። በ13 ዓመቱ ኢግል እንዲሆን የምትገፉት ልጅ ያንን ሁሉ ሙያ በጥድፊያ ያልፈዋል።

ዓይናፋር ከሆነ፣ ወይም አንድ ነገር ላይ ጎበዝ ሆኖ ሌላው ላይ ወደ ኋላ የሚል ከሆነ፣ ዘጠኙ መሰላሎች ይሻሉታል። የአካል ጉዳት ላለበት ልጅም ይህ መንገድ ብዙ ይረዳል፣ የሚችለውን ሙያ ይዞ ስለሚሄድ። ሌሎቹም ቢሆኑ መስፈርት የሚያስተካክሉበት መንገድ አላቸው፤ የአሜሪካው አማራጭ መስፈርት ይፈቅዳል፣ የእንግሊዙም እንደ ልጁ አቅም ያስተካክላል። ብቻ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ እንጂ ልጁ ከተሰናከለ በኋላ አይሁን።

ትንሽ ልጅ፣ 6 ወይም 7 ዓመት ከሆነ፣ ለኔ መቁጠሩ ይበቃዋል። አንድ ሌሊት፣ ሁለት ሌሊት፣ አምስት። በዚያ እድሜ ዋናው ነገር ጨለማውን አለመፍራትና ማለዳ በደስታ መነሳት ነው። ቋጠሮው ይደርሳል።

ከአገር አገር የሚዘዋወር ቤተሰብ ካላችሁ፣ ስካውት ከ170 በላይ አገር ውስጥ ስላለ ልጁ ቡድን አያጣም፣ ባጁ ግን አዲሱ ቦታ ላይ ላይቆጠር ይችላል። ስለዚህ ያደረገውን ሁሉ በአንድ ደብተር ይጻፍ፦ ቀን፣ ቦታ፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ምን አበሰለ፣ ምን ተበላሸ። አዲሱ መሪ ባጁን ባያውቀውም ደብተሩን አንብቦ ልጁን ያውቀዋል።

ቡድኑን ስትጎበኙ

የስብሰባ ቀን አትሂዱ። ካምፕ ሲያፈርሱ ሂዱ፣ እሁድ ጠዋት፣ ሁሉም ደክሞት ቤት ቤት ሲል። ድንኳኑን የሚያጥፈው ማነው? አዋቂዎቹ እየተሯሯጡ ከሆነ፣ ልጆቹ ደግሞ መኪና ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ፣ የግድግዳው ላይ ዋንጫ አያታላችሁ። ትልልቆቹ ልጆች ታናናሾቹን «ይሄን እንዲህ እጠፈው» እያሉ ከሆነ፣ መሪው ደግሞ እጁን አጣምሮ ከሩቅ የሚያይ ከሆነ፣ ጥሩ ቦታ ናችሁ። ሜዳውንም እዩ፤ እሳት የነበረበት ቦታ ጸድቷል? ቆሻሻው ተለቅሟል?

ከዚያ አንድ ባጅ ያለውን ልጅ ጠጋ ብላችሁ «ይሄን ባጅ ያገኘኸው ምን አድርገህ ነው?» በሉት። ለመፈተን አይደለም፣ ዝም ብሎ ለመስማት። «ክፍል ገብተን ተማርን» ካላችሁ አንድ ነገር ነው። «ያን ቀን ዝናብ ነበር፣ ማገዶው ሁሉ ርሶ ነበር፣ እኔና እሷ ግን…» ብሎ ከጀመረና ማቆም ካቃተው፣ ዞር ብላችሁ መሪውን ፈልጉና የምዝገባውን ቀን ጠይቁ።

ምርጫ የሌላችሁም ትኖራላችሁ፤ በአካባቢያችሁ ያለው አንድ ቡድን ብቻ ይሆናል፣ እሱም ቶሎ ቶሎ የሚፈርም። ልጁን አታስቀሩት። አስገቡትና የጎደለውን ቤት ሙሉ። ሦስት ሜትር ገመድ በሩ አጠገብ ይሰቀል። በወር አንድ ጊዜ፣ ባጁን ያገኘበትን ቋጠሮ አስሮ ያሳያችሁ። ሲለምደው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከዚያ እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ ያስረው። ሲችል ደግሞ እናንተን ያስተምራችሁ፤ እውነተኛ ተማሪ ሁኑለት፣ ሲያቅታችሁም «እንደገና አሳየኝ» በሉት።